ባዝራ ወይስ ሰንጋ? የግልቢያ ፈረስ ለመግዛት ላሰቡ

በገበያ ቀን ፈረስ ተራ የደረሰ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ስለ ቀለም ነው፤ ዳማው፣ ቡላው፣ አምባላዩ፣ ግንባሩ ላይ ቦራ ያለበት። ከዚያ ዕድሜ ይመጣል። ሻጩ የፈረሱን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገልበጥ አድርጎ ጥርሱን ያሳያል፣ ከበው የቆሙትም አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ጾታው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ነው፣ እንደ ተራ ነገር። እኔ ግን ከቀለሙም ከዋጋውም በፊት መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው ባይ ነኝ። ባዝራና ሰንጋ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ይመሳሰላሉ፤ ቤት ከገቡ በኋላ ግን ከባለቤታቸው የሚጠይቁት ነገር ይለያያል።

ባዝራ ሴቷ ናት። ሰንጋ የምለው የተኮላሸውን ወንድ ነው። ያልተኮላሸው ድንጉላ ነው፤ እርሱን ከንጽጽሩ ያስወጣሁት ሆን ብዬ ነው። ድንጉላ ከልጅነቱ ጀምሮ ከፈረስ ጋር ያደገ፣ ብቻውን የሚያስርበት በረት ያለው ሰው ቢይዘው ያምርበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረስ ለሚገዛ ሰው ግን ድንጉላ እንዲገዛ የምመክርበት አንድም ምክንያት አይታየኝም።

ሰንጋ፦ ዛሬም ነገም ያው ፈረስ

የሰንጋ ትልቁ ሀብቱ አንድ ዓይነትነቱ ነው። ሰኞ የጋለቡት ፈረስ ቅዳሜም ያንኑ ፈረስ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ባዝራ አጠገቡ ብታልፍ ጆሮውን አቁሞ ያያት ይሆናል እንጂ መንገዱን አይስትም። ከሌሎች ፈረሶች ጋር በአንድ መስክ ይውላል፣ በአንድ ጋጣ ያድራል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት በዚያ ቀን ፈረሶቻቸውን ሸልመው ወደ ሜዳው ሲወጡ፣ ፈረስ ከፈረስ ጎን ተጠጋግቶ፣ በጩኸትና በአቧራ መካከል መቆም አለበት። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያኮራው ልቡ የማይሸፍት ፈረስ ነው።

ይሁን እንጂ «ሰንጋ ነው» የተባለ ሁሉ ሰንጋ አይደለም። ይህን የተማርኩት ገንዘቤን ከፍዬ ነው። ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት ዳማ ፈረስ የመጀመሪያውን ወር እንደ በግ ገር ነበር። በሁለተኛው ወር ውኃ ላጠጣው ወንዝ ወረድኩ፤ ከማዶ አንዲት ባዝራ ቆማ ነበር። ዳማው አንገቱን ቀስት አድርጎ፣ አፍንጫውን ነፍቶ፣ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ አሽካካ፤ ዛቡን ከእጄ መንጭቆም በውኃው ውስጥ ተሻገረ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሳቀርበው አንደኛው የዘር ፍሬው ከሆዱ ሳይወርድ መቅረቱ ታወቀ። የቀጠቀጠው ሰው ያገኘውን አንዱን ብቻ ቀጥቅጦ ሄዷል። የቀረውን ማውጣት ሆድ የሚከፈትበት ቀዶ ሕክምና ስለሚጠይቅ ፈረሱን ለሁለት ዓመት እንደ ድንጉላ ይዤው ኖርኩ።

ስለዚህ ሰንጋ ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ። በስንት ዓመቱ ተኮላሸ? ሁለት ዓመት ሳይሞላው የተኮላሸ ፈረስ የድንጉላ ጠባይ ሳይለምድ ያድጋል፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ሞልቶት፣ ባዝራ ከለመደ በኋላ የተኮላሸ ግን ዘሩ ቢጠፋም ጠባዩ ሊቀር ይችላል። ከተኮላሸ ስንት ጊዜ ሆነው? ድንጉላነት በአንድ ቀን አይወጣም፤ ፈረሱ ለሳምንታት ባዝራ ሊያስረግዝም ይችላል፤ ሁለት ወር እስኪሞላው ድረስ ከባዝሮች መለየቱ ይበጃል። ማን አኮላሸው? በድንጋይና በእንጨት መቀጥቀጥ አሁንም በየገጠሩ አለ። ስቃዩ ከባድ ነው፣ ሥራውም ሳያልቅ ሊቀር ይችላል። በባለሙያ እጅ፣ በማደንዘዣ፣ ዝንብ በሌለበት ወቅት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተሰጥቶት የተኮላሸ ፈረስ ካገኙ ትንሽ ጨምረው ቢገዙት አይቆጭዎትም። ቁስሉ ያልጠገገ፣ የኋላ እግሩን ፈርከክ አድርጎ የሚራመድ ፈረስ ከቀረበልዎት ግን ሻጩ ፈረሱ እስኪድን ይጠብቅ፤ ሕመሙን እርስዎ አይግዙ።

አንድ የማይነገር ነገርም አለ። ሰንጋ የብልቱ ከረጢት ውስጥ እድፍ ይጠራቀምበታል፤ አንዳንዴም እንደ ባቄላ ፍሬ ጠጥሮ ሽንቱን ያስቸግረዋል። አልፎ አልፎ በለብታ ውኃ ማጠብ ነው መፍትሔው። ባዝራ ይህ ጣጣ የለባትም። በጥርስም ይለያያሉ፤ ወንዱ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከፊት ጥርሶቹና ከመንጋጋው መካከል አራት ክራንቻ ያበቅላል፣ አብዛኞቹ ባዝሮች ግን አያበቅሉም ወይም ትንንሽ ብቻ ያወጣሉ። ልጓም የሚያርፈው በዚያው አካባቢ ስለሆነ ሰንጋ ሲገዙ ክራንቻውና ድዱ አለመቁሰሉን ጣትዎን አስገብተው ይዩ።

ባዝራ፦ ሦስት ሳምንት የሚቆጥር ልብ

ስለ ባዝራ የሚወራው ብዙ ነው፤ ቀበጥ ናት፣ ትነጫነጫለች፣ አትታመንም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ በደል ነው።

እውነቱ ይህ ነው። ባዝራ በየሃያ አንድ ቀኑ ገደማ፣ ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን ያህል ድንጉላ ትፈልጋለች። በአውሮፓ ክረምት ቀኑ ሲያጥር ይህ ፍላጎት ለወራት ይቆማል። እኛ አገር የቀን ርዝመት ከዓመት እስከ ዓመት ብዙም ስለማይለዋወጥ በደንብ የምትበላ ባዝራ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል በዚሁ ዑደት ልትቆይ ትችላለች። ምልክቱን የለመደ ዓይን ከሩቅ ያውቀዋል፤ ጅራቷን ወደ ጎን ታነሳለች፣ ሽንቷን ጠብ ጠብ ታደርጋለች፣ ወደ አጥሩ ትጠጋለች፣ ወንድ ፈረስ ካየች መራመዷን ትታ ትቆማለች። ኮርቻ ሲጫንባት ጆሮዋን ወደ ኋላ የምታጥፍ፣ ተረከዝ ሲነካት ጅራቷን የምትወነጭፍም አለች። አንዳንዷ ግን ምንም አታሳይም፤ ባለቤቷ እንኳ ቀኑን ሳያውቀው ያልፋል። ልዩነቱ ያለው በባዝራና በባዝራ መካከል ነው፤ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት አይገባም።

በደሉ ደግሞ ይህ ነው። ሰንጋ ሲነጫነጭ «ምን ነካው?» ተብሎ ጀርባው ይታያል፣ ኮርቻው ይፈተሻል። ባዝራ ስትነጫነጭ ግን «ሴት ናት» ተብሎ ይታለፋል። ስንት ባዝራ የቆሰለ ጀርባ፣ የሾለ መንጋጋ፣ የታመመ ጨጓራ ተሸክማ «ጠባየ ክፉ» ተብላ ተሽጣለች! የጀርባ ቁስል በአገራችን የጋማ ከብት ላይ በየገበያው የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ ባዝራዋ ኮርቻ ስታይ ከተቆጣች ግላሱን አንስተው ጀርባዋን በመዳፍዎ ጫን እያሉ ከትከሻ እስከ ወገብ ይዳስሱ። ቆዳዋ እየተንቀጠቀጠ ወገቧን ካጎበጠች ችግሩ ከጾታዋ አይደለም።

እኔ ግልቢያ የለመድኩት በአያቴ ባዝራ ላይ ነው፤ ቡላ ነበረች፣ ትንሽ፣ ደረቷ ሰፊ። ለእንግዳ ሰው እሺ አትልም ነበር። አያቴ ግን እግሩን እርካብ ላይ ሳያደርግ ገና ወዴት እንደሚሄድ የምታውቅ ትመስል ነበር። አንድ ምሽት ዝናብ ደርሶብን፣ መንገዱ ጠፍቶን፣ አያቴ ዛቡን ላላ አድርጎ አንገቷ ላይ ጣለላትና «እስቲ ውሰጂን» አላት። ገደሉን በሌላ በኩል ዞራ፣ እኔ ያላየሁትን መሻገሪያ በአፍንጫዋ እያሸተተች አሻገረችን። አንዲት ባዝራ ባለቤቷን ከወደደች የምትሰጠው ነገር ይህ ነው፤ ሰንጋ ደግሞ ለማንኛውም ጨዋ ጋላቢ ያገለግላል። የዓረብ በረሃ ዘላኖችም ለወረራ ባዝራን ይመርጡ ነበር ይባላል፤ ጽናቷ ይታወቃል፣ የጠላት ፈረስ ስታይም አሽካክታ አታጋልጥም።

ዋጋውን በሁለት ዓመት እንቁጠረው

ሰንጋ ሲገዙ የሚከፍሉት ለዛሬው ጉልበቱ ነው። እግሩ ቢሰበር ወይም ቢያረጅ ምንም አይቀርም። ባዝራ ስትገዙ ግን ከጉልበቷ ጋር ማኅፀኗንም ገዝተዋል። ይህ በአገራችን ከሌላው ዓለም የበለጠ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ባዝራ የበቅሎ እናት ናት። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚለው ተረት እናቲቱን በክብር ቦታዋ ያስቀምጣታል። በአህያ የተጠቃች ባዝራ የምትወልደው በቅሎ ለደጋ ዳገት፣ ለጭነትም ለሰጋር ግልቢያም የሚፈለግ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከፈረስ ይበልጥ ያወጣል። መሬትና መኖ ላለው ገበሬ ስሌቱ እዚህ ላይ ያዘነብላል።

ነገር ግን ይህ ገቢ ከግልቢያዎ ላይ የሚቀነስ ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ገደማ ታረግዛለች፣ በቅሎ ከሆነ ትንሽ ይረዝማል። ሽሉ በፍጥነት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ በዚያ ጊዜ ግልቢያ መቆም አለበት። ከወለደች በኋላም ለሁለት፣ ለሦስት ወር ያህል ወተቷ የውርንጫዋ ነው፤ ሩቅ መንገድ ይዘዋት ቢወጡ ወይ ውርንጫው ተከትሎ ይደክማል፣ ወይ እርሷ እየተመለሰች ታስቸግራለች። አንድ ውርንጫ እንግዲህ ግማሽ ዓመት ግልቢያ ያስከፍላል። በየቀኑ ፈረስ የሚያስፈልገው፣ ሁለተኛም ፈረስ የሌለው ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ።

ሌላው ጉዳይ፣ ባዝራዋ ስትገዛ ርጉዝ ልትሆን ትችላለች፤ ሻጩ አውቆ ሊደብቅ፣ ወይም ሜዳ ላይ ከድንጉላ ጋር ስለዋለች እርሱም ላያውቅ ይችላል። ሆድ ማየት ብቻውን አያዋጣም፤ ሣር የጠገበ ሆድም ያታልላል። ሐኪም ያስመርምሯት።

እግረ መንገዴን ስለ ክብደት አንድ ነገር ልበል፣ ከጾታው ይልቅ ይህ ሲዘነጋ የሚጎዳው ፈረስ ስለሚበዛ። ጋላቢውና ኮርቻው በአንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጡ የሚለው መለኪያ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የአገራችን ፈረስ ደግሞ ትንሽ ነው፤ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በዚህ ስሌት 50 ኪሎ ብቻ ይሸከማል። ሰውነትዎ ከባድ ከሆነ አጥንተ ሰፊና ወገበ አጭር ፈረስ ይፈልጉ፣ ርጉዝ ባዝራ ላይ ግን ጨርሶ አይውጡ።

ፍጥነትና ብልሃትን በተመለከተ ጾታ አይወስንም፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። በኦሊምፒክ ባዝራ፣ ሰንጋና ድንጉላ በአንድ ሜዳ ይወዳደራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደንና በ2016 በሪዮ በድሬሳዥ፣ ማለትም ፈረስ በጋላቢው ትእዛዝ የተለማመደውን እንቅስቃሴ በሚያሳይበት ውድድር፣ ወርቅ ያመጣው ቫሌግሮ ሰንጋ ነበር፤ በቶኪዮና እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ በዚያው ውድድር ያሸነፈችው ዳሌራ ደግሞ ባዝራ ናት።

ለማን የትኛው?

ግልቢያ ገና እየተማሩ ከሆነ፣ ልጆችዎም የሚቀመጡበት ከሆነ፣ ፈረሱ ከሌሎች ጋር በአንድ በረት የሚያድር ወይም ሕዝብ በተሰበሰበበት የሚወጣ ከሆነ ያለማመንታት ሰንጋ ይግዙ። ከተማ ውስጥ ወይም በከተማ ዳርቻ፣ በጠባብ ግቢ ለሚያኖር ሰውም እንዲሁ። ጎረቤትዎ ድንጉላ ካለው በተለይ ባዝራ ማምጣት የሁለታችሁንም እንቅልፍ ያሳጣል።

መስክ ካለዎት፣ ጋላቢው አንድ ሰው ከሆነ፣ ፈረስ ማንበብ ከቻሉ፣ የወራት ዕረፍት መስጠትም ካልከበደዎት ባዝራ ይግዙ። በእኔ ልብ ውስጥ ያለችው እርሷ ናት፣ አልደብቅም። ዛሬ ግን በረቴ ውስጥ የቆመው ሰንጋ ነው፤ ምክንያቱም ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እኔም ሁልጊዜ አጠገቧ አልቆምም።

ባዝራ ለመግዛት የወሰነ ሰው በአንድ ቀን እንዳይገዛ እለምናለሁ። ቀብድ ይስጥና በአሥረኛው ቀን ገደማ ተመልሶ ይሂድ፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ጠባይዋ የፍላጎት ሰሞን ይሁን የዘወትር ይለያል። ሲሄድም ሳያሳውቅ፣ ማለዳ፣ ኮርቻ ሳይጫን በፊት ይድረስ፤ ራሱ ልጓሙን ያጥልቅላት፣ ራሱ ይጫናት፣ ብቻዋን ከግቢው አውጥቶ ሌላ ፈረስ ባለበት መንገድ ይንዳት። ሻጩ ይህን ከከለከለ ቀብዱን ይዞ ይመለስ። ለሰንጋም ቢሆን ያው ነው፤ የእርሱ ፈተና ግን ባዝራ ያለችበት ወንዝ ዳር ይሁን።