ላ ሻሪቴን ላስጎበኘን ወጣት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችውን እናቴን ይዤ ፈረንሳይ ውስጥ ሎዋር ወንዝ ዳር ወዳለችው ከተማ፣ ላ ሻሪቴ ሱር ሎዋር፣ ሄጄ ነበር። የከተማው ቱሪስት ቢሮ የመደበልን ወጣት አስጎብኚ ያደረገልንን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ልጁ ገና ሲያያት ገባውና፣ ሳንጠይቀው ወደ ግንቡ የሚያስወጣውን ደረጃ ትቶ በደልዳላው መንገድ ወሰደን። አንድ ነገር ከነገረን በኋላ ተርጉሜላት እስክጨርስ በትዕግሥት ይጠብቃል።

የከተማዋን ገዳም፣ የታወቀው የፈረንሳይ ገዳም የክሉኒ መነኮሳት የመሠረቱት በ1059 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ቤተ ክርስቲያኑን በ1107 የባረኩት የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፓስካል ዳግማዊ ናቸው። ልጁ አንድ አደባባይ መሀል አቆመንና «አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ናችሁ» አለን። ቀና ስንል ሰማይ ነው! በ1559 የተነሳው እሳት ሕዝቡ የሚቆምበትን ረጅሙን ክፍል አጥፍቶት፣ የቅዱስ መስቀል ደወል ቤት ከመቅደሱ ተነጥሎ ቀርቷል። በፍርስራሹ ላይ ሰዎች ቤት ሠርተው ይኖሩበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አውራ መንገድ መሀሉን ሰንጥቆ ሊያልፍ ታቅዶ ነበር፤ ያስጣሉት የቅርስ ተቆጣጣሪው ፕሮስፔር ሜሪሜ ናቸው። በ1998 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

ውስጥ ስንገባ እናቴ ከአንድ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቅርጽ ፊት ቆማ «ደብረ ታቦር ነው፤ ይኸው ሙሴ፣ ይኸው ኤልያስ» አለች። ልጁ የያዘውን ገለጻ ተወና እኛ ዘንድ በዓሉ እንዴት እንደሚከበር ይጠይቃት ጀመር። ስለ ቡሄ፣ ስለ ጅራፉ፣ ስለ ሙልሙሉ ስትነግረው ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ለእንግዳ እንዲህ ጆሮ የሚሰጥ አስጎብኚ አላጋጠመኝም።

ፈረንሳይን ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ጦርነት ያዋጋችው ወጣት ዣን ዳርክ በ1429 መጨረሻ ከተማዋን ከብባ ሳይሳካላት መመለሷንም ነግሮናል። ከዚያ በድንጋዩ ድልድይ ተሻግረን፣ ሎዋርን እያየን ቁጭ አልን። መጻሕፍት ቤቶቹን ለማየት ጊዜ አልበቃንም፤ ከተማዋ በአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎቿ ትታወቃለችና መጽሐፍ የምትወዱ ሰፋ ያለ ጊዜ ያዙ።

ፓሪስ ሆናችሁ ወላጅ የሚመጣባችሁ፣ ከቤርሲ ጣቢያ በኔቬር መስመር ባቡር ሂዱ፤ ጉዞው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቱሪስት ቢሮው አስቀድማችሁ ደውሉ፣ አብሯችሁ አረጋዊ ካለም ንገሯቸው። ለልጁ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እናቴም መርቃሃለች።