በአዳማ ዙሪያ የግል ትራክተር እርሻ አገልግሎት፦ ውሉም ሥራውም ሲመዘን

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚገኘውን የቤተሰባችንን የጤፍ ማሳ ለመኸር ያሳረስነው፣ ተቀማጭነቱን አዳማ ከተማ አድርጎ በራሱ ትራክተሮች ከሚሠራ ግለሰብ ጋር በጽሑፍ ተዋውለን ነው። በአካባቢያችን ትራክተር ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ የሚሠራውን ሥራ በወረቀት ላይ አስፍሮ የሚፈርም ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ስምምነት በደላላ በኩል በስልክ ተጀምሮ በስልክ ያልቃል። ስለዚህ ከማረሻው አስቀድሜ ውሉን እመዝናለሁ።

የውሉ ትልቁ ብርታት ክፍያው በሰዓት ሳይሆን በታረሰ ሄክታር መቆረጡ ነው። በሰዓት ሲከፈል የዘገየ ትራክተር ይጠቀማል፤ በመሀል የተበላሸበት ጊዜ የማን ነው የሚለው ክርክርም አያልቅም። ማሳው ሁለታችንም ባለንበት ከሥራው በፊት ተለክቷል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ጥማድ በብዙ ቦታ የሄክታር ሩብ ተደርጎ ቢወሰድም፣ ልኩ የመጣው አንድ ጥንድ በሬ በቀን ከሚያርሰው በመሆኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ሒሳቡም የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው።

የሥራው ዓይነት ግን በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ማሳው ለዘር ዝግጁ ይሆናል» ከሚል ሐረግ ያለፈ መግለጫ አልነበረውም። ለስንዴ ወይም ለበቆሎ ይህ ባልከፋ ነበር፤ ጤፍ ግን አንድ ሺህ ፍሬው ተመዝኖ የአንድ ግራም ሲሶ ገደማ ብቻ የሚሆን፣ ከላይ ተዘርቶ በስሱ የሚሸፈን እህል ስለሆነ፣ ጓል በበዛበት ማሳ ላይ ከፊሉ ጠልቆ ይቀበራል፣ ከፊሉ ሳይበቅል ይቀራል። በመሆኑም ገመሳው፣ ማለትም የመጀመሪያው እርሻ፣ በዲስክ ማረሻ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚኖረው፣ ከዚያ በኋላ ጓሉ እንዲደቅ ስንት ጊዜ እንደሚከሰከስ፣ እርሻውም ተዳፋቱን አቋርጦ እንጂ ወደ ታች እንዳይሄድና እርከኖቹ እንዳይነኩ በግልጽ እንዲጻፍ ጠየቅን፤ ባለትራክተሩም ያለ ማንገራገር ተቀበለ። ይህ ለእኔ ከዋጋው በላይ የሚቆጠር መልካም ባሕርይ ነው።

ሥራው ሲታይ፣ መሀል ማሳው በሚገባ ታርሷል፤ ትራክተሩ በሚዞርበት ዳርና ዳር ግን ጥልቀቱ ከውሉ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በእንጨት ለክተን ስናሳየው ኦፕሬተሩን መልሶ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አሳርሶታል። የተደበቀ የግራር ጉቶና ድንጋይ አስቀድሞ የማሳየት ግዴታ የእኛ፣ ሳንደብቅ ያሳየነው መትቶ ዲስክ ቢሰበር ኪሳራው የእሱ፣ ኦፕሬተሩ የጎረቤት ድንበር ቢገፋ ኃላፊነቱ የባለትራክተሩ መሆኑ መጻፉም ፍትሐዊ ነው፤ ራሱን ችሎ፣ በራሱ ሠራተኛና መሣሪያ ውጤት ለማስረከብ የተዋዋለ ሰው እንዲህ ሊጠየቅ ይገባል።

ከባዱ ጉድለት ጊዜው ላይ ነው። ውሉ ሥራው «ዝናብ ሲመቻች» ይጀመራል ይላል። የስምጥ ሸለቆው ዝናብ አጭርና የማያስተማምን ነው፤ አፈሩም ቀላል ስለሆነ እርጥበቱን ቶሎ ያጣል፤ ሁሉም ገበሬ ትራክተር የሚፈልገው በዚያው ሰሞን ነው። ባለትራክተሩ ሰፋ ያለ ማሳ ወዳለው ሌላ ደንበኛ ቀድሞ ሄደ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ጥሩው እርጥበት ከፊሉ አልፎ ነበር። ይህ በጣም አሳዝኖኛል፤ ሕጉም መድኃኒት አላጣም ነበር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፤ የሰጠው ቢያፈርስ ደግሞ ቀብዱን ያጣል። ሆኖም ይህ የሚጠቅመው ሰውየው ውሉን ሲያፈርስ እንጂ ሲዘገይ አይደለም። ለመዘግየት ራሱን የቻለ መቀጫ መጻፍ ያስፈልጋል፤ በአንቀጽ 1889 መሠረት ተዋዋዮች የኪሳራውን መጠን አስቀድመው መቁረጥ ይችላሉ። በእኛ ውል ቀብዱ ነበረ፣ መቀጫው አልነበረም።

የናፍጣው ነገር በአጭሩ፦ መንግሥት የሚያወጣው ዋጋ ከፊርማ በኋላ ከጨመረ ልዩነቱን እኩል እንድንካፈል ተጽፏል፤ አልተቃወምኩትም።

በሥራው ጥራትና በባለትራክተሩ ታማኝነት አገልግሎቱን እመክራለሁ፤ በቀጠሮ አከባበሩ ግን አልመክርም። ማሳቸው አነስተኛ የሆነ ባለይዞታዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተያይዘው አንድ ላይ ቢዋዋሉ ለትልቅ ማሳ ተብሎ ወደ ኋላ የመገፋታቸው ዕድል ይቀንሳል። እኛም ለሚቀጥለው መኸር ከዚሁ ሰው ጋር የምንፈርመው ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀንም ከክፍያው የሚቀነሰው ገንዘብ ከተጻፈ ብቻ ነው።