ታጣፊው መፍቻ ከስምንት ወር በኋላ፦ ጎሚስታን ያስረሳል?

መስቀል ሊደርስ ሲል ከመርካቶ ታጣፊ የብስክሌት መፍቻ ገዛሁ። አለንኪዎች፣ ካቻቪቴ፣ የካቴና መፍቻ፣ ጎማ ማውጫ፣ ማስቲሽ ከነላስቲኩ፣ ትንሽ መንፊያ፤ ሁሉም ኮርቻ ሥር በምትታሰር ቦርሳ ይገባል። አሁን ግንቦት ነው። በአዘቦት ቀን ከደብረ ብርሃኑ ጠባሴ ሰፈር ሥራ ቦታዬ ድረስ፣ ቅዳሜ ደግሞ እስከ ጫጫ እነዳለሁ። ዕቃው በደንብ ተፈትኗል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «አዋጣህ ወይ?» እያለ ነው። በብር ብቻ ካሰባችሁት ቶሎ አይመልስም፤ ጎማ ማስለጠፍ ያን ያህል ውድ አይደለም። የሚያዋጣው መንገድ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ካላችሁ ጎሚስታ እንደ ልብ አይገኝም። ጎማ ከተነፈሰ ያን ሁሉ ንፋስ እየተጋፈጡ ብስክሌት መግፋት ነው።

መለጠፉ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የተበሳውን ቦታ እስኪሻክር በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋላችሁ። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ትቀባላችሁ። ከዚያ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ። ማሸጊያው አምስት ደቂቃ ይላል። ደብረ ብርሃን ግን 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ በታኅሣሥ ጠዋት አምስት ደቂቃ አይበቃትም። ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ ላስቲክ ሰፈር ሳትደርሱ ይነቀላል። ካላማዳሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት ዳብሱ፣ ቀስ ብላችሁ። እሾኹ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ልፋታችሁን ውሃ በላው።

የፕላስቲክ ጎማ ማውጫዎቹ ልብ አውልቅ ናቸው። አንደኛው በኅዳር ውርጭ ቀጭ አለ። ማስቲሹም አንዴ ከተከፈተ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል። አለንኪዎቹ ግን እስካሁን ንቅንቅ አላሉም።

ከሁሉም የወደድኩት የካቴና መፍቻውን ነው። በነገራችን ላይ ካቴና ለክቶ «ይለወጥ» የሚል ሱቅ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሲበጠስ ነው የሚለውጡት። እናንተ ለኩት። ከአንድ ፒን መሃል ተነስታችሁ እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሃል። የአዲስ ካቴና ልክ 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.7 ከገባ አብቅቶለታል፣ የኋላ ጥርሱንም ይዞት ይሄዳል። የተማሪ ማስመሪያ 30 ላይ ስለሚያልቅ የአናጢ ሜትር ያዙ።

ፍሬን ማጥበቅም ከእጅ አያመልጥም። በተለይ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ለምትወርዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬኑን ላስቲክ እዩት። ላስቲኩ ላይ ያለው ቦይ ከጠፋ ቁልቁለቱን እርሱት።

ለሱቅ የተውኩት ሥራም አለ። ቸርኬ ማቃናት አልነካም። እኔ የምሄድበት ሰውዬ ሽቦዎቹን እንደ ክራር ነካ ነካ እያደረገ፣ ላላ ያለውን በድምፁ ነው የሚለየው። ይህ ከቦርሳ የሚወጣ ነገር አይደለም። የፔዳሉ መሃል ኩሽኔታም ልዩ መፍቻ ይፈልጋል፣ ለአንድ ጊዜ ብሎ መግዛት ኪሳራ ነው። ለእነዚህ ብከፍል አይቆጨኝም።

የሚቆጨኝ በፒንሳ ብሎን ለሚፈታ ሰው መክፈል ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ግራ ፔዳሌን እንደ ቀኙ ሊፈቱት ሲታገሉ ጥርሱን በሉት። የግራ ፔዳል በተቃራኒው ነው፤ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይፈታል። መፍቻው በእጃችሁ ካለ ቢያንስ ይህን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

ልትገዙ ካሰባችሁ የብረት ጎማ ማውጫና አንድ ትርፍ ማስቲሽ ጨምሩበት። መንፊያውን ደግሞ እዚያው ሱቅ በር ላይ ሞክሩት። አፉ ከእናንተ ቫልቭ ጋር ካልገጠመ ቀሪው ዕቃ ምን ያደርግላችኋል?