ቀይ መሐረብ ከሜትዋን

ትራክ መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። «ሬድኔክ» የሚለውን ቃል በየማደያው ስሰማ ኖሬያለሁ፤ የገጠር ሰው መስደቢያ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ባለፈው ዌስት ቨርጂኒያ ሎድ አራግፌ አንድ ቀን ዕረፍት ሳገኝ፣ ከጓደኛዬ ጋር በእሱ መኪና ሚንጎ ካውንቲ ሄድን። እዚያ ሜትዋን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ2015 የተከፈተው የማዕድን ጦርነቶች (የከሰል ቆፋሪዎችና የኩባንያዎቹ ግጭት) ሙዚየም አለ።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ኔትወርክ ጠፍቶብን ሁለቴ ተሳስተን ተመለስን፤ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ። ከተማዋ ታግ ፎርክ ወንዝ ዳር ናት፣ ማዶው ኬንታኪ ነው።

ሙዚየሙ ሰፊ አይደለም፤ እኔ ግን ሳንቲሞቹ ጋ ተገትሬ ቀረሁ። የከሰል ኩባንያዎቹ «ስክሪፕ» የሚሉት የራሳቸው ገንዘብ ነው። ቆፋሪው ደመወዙ ሳይደርስ ሲቸግረው በዚያ ያበድሩታል፤ የሚገዛበት ደግሞ የኩባንያው ሱቅ ነው። ቤቱም የኩባንያው ነው። በዱቤ ደብተር ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ልዩነቱ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ የሠራተኛ ማኅበር ገባህ ብሎ ከቤትህ አያስወጣህም።

በሜይ 19፣ 1920 (በእኛ ግንቦት 11፣ 1912) የሆነው ይኸው ነው። ባልድዊን ፌልትስ የሚባለው ድርጅት ቅጥር ዘበኞች በባቡር መጥተው የማኅበር አባላትን ቤተሰብ ከነዕቃቸው አስወጡ። እራታቸውን በልተው የመመለሻ ባቡር ሊሳፈሩ ሲሉ የፖሊስ አዛዡ ሲድ ሃትፊልድና ከንቲባው ካቤል ቴስተርማን ያዟቸው። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ እስከ ዛሬ ያከራክራል። 10 ሰው ሞተ፤ 7ቱ ዘበኞች ናቸው፣ ሁለቱ የፌልትስ ወንድማማቾችም ከነሱ መሀል። ከንቲባውም ሞቱ። (ሲድ የከንቲባውን ሚስት ያገባው ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ሐሜቱን አስቡት!) በዓመቱ፣ በኦገስት 1921፣ እሱም መሣሪያ ሳይዝ ጎረቤት ካውንቲ ፍርድ ቤት ደረጃ ላይ ተገደለ። የሜትዋኑ ተኩስ የበሳው የጡብ ግድግዳ እዚያው ሜትዋን ውስጥ አሁንም አለ፤ ከሐዲዱ በኩል ዞራችሁ እዩት።

መሐረቡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሲድ መገደል የተቆጡ ወደ 10,000 የሚጠጉ ቆፋሪዎች ታጥቀው ወደ ሚንጎ ተነሡ። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ጣሊያኑ፣ ሁሉም መለያ እንዲሆነው አንገቱ ላይ ቀይ መሐረብ አሠረ። «ሬድኔክ» ተባሉ። ስድቡ ከዚያ በፊትም ነበር፤ እነሱ ግን ለበሱት። መንገዳቸው ላይ ባለው ብሌር ተራራ ከኩባንያዎቹ ወገን ከቆሙ ታጣቂዎች ጋር ውጊያው ቀናት ፈጀ፤ በኪራይ አውሮፕላን ቦምብ ተጣለባቸው። ማይጨው ገና ሳይመጣ፣ እዚህ አገር፣ በገዛ ዜጋ ላይ! የቆመው የፌዴራል ጦር ሲገባ ነው። ለብዙ ዓመታት የክፍለ ግዛቱ የትምህርት መጻሕፍት ይህን ዘለውት ኖረዋል።

ሙዚየሙ ለቆፋሪዎቹ ያደላል፣ አይደብቅምም። የኩባንያዎቹን ወገን በእኩል እሰማለሁ ብላችሁ አትሂዱ። እኔን አላስከፋኝም።

ትንንሽ ልጆች ይሰለቻሉ፤ ንባቡ ብዙ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ነዳጅም ሙሉ። ቀይ መሐረብ ይሸጣሉ። እኔ ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን ጓደኛዬ ወስዶብኛል።