እማዬን ለሲቲዝንሺፕ ያዘጋጀችልን አስተማሪ፣ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም የዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ) ወገኖች፣ እማዬ የአሜሪካ ዜግነት ኢንተርቪዋን አለፈች፣ ተመስገን!! ያስተማረቻትን እህታችንን በአደባባይ ላመሰግን፣ እናት አባት ለምታዘጋጁም ልጠቁማችሁ ብዬ ነው።

50 ዓመት አልፎት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ ወይም 55 አልፎት 15 ዓመት የኖረ ሰው በቋንቋው መፈተን ይችላል፣ እማዬ ግን ግሪን ካርድ ካገኘች ገና 5 ዓመቷ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ግድ ሆነባት። ሲቪክሱን (የአሜሪካ ታሪክና መንግሥት ጥያቄዎቹን) ሸምድዳ ጨርሳለች፣ ያስጨነቀን የኤን 400 ፎርም፣ ማለትም የዜግነት ማመልከቻው፣ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም መናገር መቻሏን ኦፊሰሩ የሚያየው ለብቻው ፈተና ሰጥቶ ሳይሆን ስለ ፎርሙ ሲጠይቃት ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ "ሃቭ ዩ ኤቨር" መዓት ነው።

ሌላ ቦታ ስትማር የቴንስ ሰንጠረዥ ሲያስገለብጧት ነው የከረሙት። ይቺ ልጅ ግን ቁጭ አድርጋ "እማማ፣ ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን አሬስትድ ማለት ታስረው ያውቃሉ ነው፣ ኤቨር ካለ እድሜዎን ሙሉ ነው የሚጠይቅዎት፣ እዚህ አገር ብቻ እንዳይመስልዎት" አለቻት፣ በቃ ገባት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም ጎበዝ፣ ቃለ መሐላ ገብቶ ነው የሚመለሰው፣ ጥያቄው ሳይገባው ኖ ያለ ሰው መዘዙ ከባድ ነው።

ከዛ በራሷ ኑሮ እያደረገች፣ "አይ ሊቭድ ኢን ሲልቨር ስፕሪንግ ፎር ፋይቭ ይርስ ካሉ ለቀው የሄዱ ነው የሚመስለው፣ አሁንም እዛው ስላሉ አይ ሃቭ ሊቭድ ይበሉ።" "አይ ስቶፕድ ወርኪንግ" ሥራ አቆምኩ ነው፣ "አይ ስቶፕድ ቱ ወርክ" ግን የያዝኩትን ትቼ ልሠራ ቆምኩ ይሆናል። "አይ ዩዝድ ቱ ወርክ ናይትስ" ድሮ ማታ እሠራ ነበር፣ "አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ ናይትስ" ደግሞ የማታ ሥራ ለምጃለሁ። እኔ ራሴ እዚህ አገር ተምሬ እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ የለም!

በድምፅ ቀድታ በቴሌግራም ትልክላታለች፣ እማዬ ወጥ እየሠራች ስትመልስ ነው የምትውለው። ካልገባት ደግሞ "ፕሊስ ሪፒት" ማለት ነውር እንዳልሆነ ደጋግማ ነግራታለች፣ ይሄ ፍርሃቷን በጣም ነው የቀነሰላት።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን፣ ትዕግስትሽን ቤተሰቡ በሙሉ አይረሳውም 🙏

ማታ ማታ በዙም ነው የምታስተምረው፣ አማርኛም ትግርኛም ትችላለች። የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ አገናኘዋለሁ፣ ብቻ ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ሳይሆን ፎርሙ እንደገባ ጀምሩ።