ለአራት ኪሎዎቹ የቤት ዕቃ አጓጓዦች ምስጋና፤ ቤት ለምትቀይሩም ጥቆማ

አራት ኪሎ አካባቢ በአይሱዙ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዙትን ሾፌርና አራት ጫኞች በአደባባይ እግዜር ይስጥልን እንላለን። ብርጭቆ ስላልሰበሩ ብቻ አይደለም፤ ማጭበርበር የሚገባበትን ቀዳዳ ሥራ ሳይጀምሩ ስለሚደፍኑት ነው።

ሳያዩ ዋጋ አይቆርጡም። መጥተው፣ ካልሆነም በቪዲዮ ክፍሎቹን ያያሉ። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ደረጃው ምን ያህል እንደሚጠብ፣ መኪናው ከበሩ ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም ይጠይቃሉ። ከዚያ ዋጋው ወረቀት ላይ ይሰፍራል፦ ስንት ጫኝ፣ መፍታትና መግጠም አለበት ወይስ የለበትም፣ ማውረድን ይጨምራል ወይ። የመጨረሻዋን ቀላል እንዳታደርጓት። የተለመደው ማጭበርበር የሚጀምረው ከእሷ ነው፤ ደላላው ገበያ የሚሰብር ዋጋ ይጠራል፣ ፍሪጁና አልጋው መኪና ላይ ከታሰረ በኋላ ግን «ፎቅ ነው አላላችሁም»፣ «የአውራጅ ለብቻው ነው» ይመጣል። ንብረቱ ሰው መኪና ላይ ያለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? የተጠየቀውን ይከፍላል። በምትገቡበት ሰፈር የተደራጁ ጫኝና አውራጆች ካሉም ከዋዜማው ሄዳችሁ ተነጋገሩ።

ቀብድ አይጠይቁም። የዋጋው ግማሽ ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ፣ ቀሪው ወርዶ ሲያልቅ ይከፈላል። መኪናውን ሳያሳይ «በቴሌብር ቀብድ ላኩ» የሚላችሁን ተዉት። ኋላ ክፍያውን በቴሌብር ስትልኩም፣ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ስለሚያሳይ ከመታወቂያው ጋር አመሳክሩት።

ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን፣ ሊብሬውንና ፋይዳውን ሳይጠየቅ ያወጣል፤ ታርጋውንም ፎቶ አንሱት ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ይባረክ! ሊብሬው በሌላ ስም ከሆነ ለባለንብረቱ ደውሉ፤ ብዙ ሾፌር ተቀጣሪ ስለሆነ ነገሩ ነውር አይደለም። በመጨረሻ ሰዓት «መኪናው ተበላሸ» ተብሎ ሌላ ከተላከ ግን ማጣራቱ እንደ አዲስ ይጀመር። ድርጅት ነኝ የሚለውን የንግድ ፈቃዱን ጠይቁት።

ካርቶኖቹ ቁጥር ይጻፍባቸዋል፤ ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ይፈረማል። የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ሴሪያል ቁጥርም ይመዘገባል፤ ዕቃ ቢጠፋ ለፖሊስ «አንድ ፍሪጅ» ከማለት ይሻላል። ወርቅ፣ የቤት ካርታ፣ ፓስፖርት በእጃችሁ ይሁን። አንድ የቤት ሰውም ጋቢና ይቀመጥ።

የቁምሳጥኑን ብሎን በፌስታል ቋጥረው እዚያው በሩ ላይ በፕላስተር ይለጥፉታል። ፍሪጅ አቁመው ይጭናሉ፤ ግድ ሆኖ ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ስለሚሄድ፣ ቆሞ ቢያንስ 4 ሰዓት ሳይሰካ እንዲቆይ አጥብቀው ይነግራሉ።

ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እንልካለን። ወር መጨረሻ ላይ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀደም ብላችሁ ያዟቸው።