የወባ ምርመራ፦ የጤና ኬላው ፈጣን መመርመሪያ ወይስ የጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ?

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ቆላማው ጎጃም ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወባን ነው። ጥያቄው የት እንመርመር ነው።

ፈጣን መመርመሪያው ትልቅ ነገር ነው። መብራት አይፈልግም፣ ላቦራቶሪ አይፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣት ወጋ አድርጋ ጠብታ ደም ትወስዳለች፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤቱ ይታወቃል። ዓባይ በረሃ ዳር ለሚኖር፣ በተለይ ሕፃን ለታመመበት ቤተሰብ፣ ይህ ፍጥነት ሕይወት ያተርፋል።

ግን ጉድለት አለው። የሚያየው ተውሳኩን ሳይሆን ተውሳኩ የሚያመነጨውን ፕሮቲን ነው። ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት የሚያመነጨው ፕሮቲን ከታከሙም በኋላ ለሳምንታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በቅርቡ መድኃኒት የጨረሰን ሰው፣ ድኖም ቢሆን፣ «ወባ አለበት» ሊል ይችላል። ያንን ፕሮቲን የማይሠሩ ተውሳኮችም በአገራችን ተገኝተዋል፤ እነሱ ሊያመልጡት ይችላሉ።

ማይክሮስኮፕ ተውሳኩን ራሱን ያሳያል። ዓይነቱን ይለያል፣ ብዛቱንም ያስቆጥራል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያገረሽ ዓይነቱን ማወቅ ለመድኃኒቱ ወሳኝ ነው። ግን የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል።

እኔ ብመርጥ፣ አዲስ ትኩሳት ከሆነ ቅርብ ያለው ጤና ኬላ፣ ዛሬውኑ። መድኃኒት ተጨርሶ ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ ወይም ፈጣኑ ምርመራ ነጻ ብሎ ሕመሙ ካልለቀቀ፣ ማይክሮስኮፕ። ራሱን የሳተ ሰው ወይም የሚያንፈራግጠው ሕፃን ከሆነ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱት።